ፀሐይ የማትደርስበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ እንስሳት ምን በልተው ይኖራሉ?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂው የባዮሎጂ መምህር ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ስለ ምግብ ሰንሰለት ሳስተምር ‹የሕይወት ሁሉ የኃይል ምንጭ ፀሐይ ናት› ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። ‹መምህር፣ ባሕር ሥር፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከሚፈላ ውሃ አጠገብ የሚኖሩ ትሎች በስልክ አይቻለሁ። እነሱ ፀሐይን የት ያገኟታል?› አለችኝ። አጣርቼ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። ምን ልበላት? ደግሞስ እንዴት አይቀቀሉም? በአገራችንስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» ብለው ስላላለፏት በጣም ደስ ብሎኛል። ባሕር ዳር ሆኜ ስለ ውሃ ውስጥ ሕይወት ሳስተምር ይህን ርዕስ የምወደው ልክ እንደ እሷ ያለ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውና። ተማሪዎ ትክክል ናት። ሰሌዳው ላይ የጻፉትም ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። የእነዚያ እንስሳት ምግብ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ሳይሆን ከምድር ውስጥ በሚወጣ ኬሚካል ኃይል ነው። ያን ኃይል ለማውጣት የሚያስፈልገው ኦክስጅን ግን ከላይ፣ ከፀሐይ ዓለም የመጣ ነው። ይህች ሁለተኛዋ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። እኔ ግን ዋናዋ እሷ ናት ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አሁን ያንኑ ያህል፣ ከዚያም ትንሽ አለፍ አድርገው፣ ከውቅያኖሱ ፊት ወደ ታች ይውረዱ። ብዙዎቹ የታወቁ የባሕር ወለል ፍል ውሃዎች የሚገኙት በዚያ ጥልቀት ነው። የኛ ጣና ስፋቱ ያን ያህል ሆኖ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በውቅያኖስ ውስጥ ለፎቶሲንተሲስ የሚበቃ ብርሃን የሚገኘው እስከ 200 ሜትር ገደማ ነው። ከ1,000 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን የሚባል ነገር የለም። ውሃው 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። ግፊቱ ደግሞ በየ10 ሜትሩ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ 2,500 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ካለው 250 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? የምድር ቅርፊት ሳህኖች በሚለያዩበት ቦታ የባሕሩ ወለል ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛው ውሃ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከታች ያለው የቀለጠ ዐለት ያግለዋል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ከዐለቱ ጋር ይዋሃዳል፤ ኦክስጅኑን ያጣል፤ ብረት፣ መዳብና ዚንክ ይሸከማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሞላል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ ይፈነዳል። አንዳንዱ ቦታ ለብ ብሎ ብቻ ይወጣል። አንዳንዱ ቦታ ግን 350 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ይተፋል። 2 ዲግሪ የሆነውን ውሃ ሲነካ የተሸከመው ማዕድን ወዲያው ይረጋና ጥቁር ጭስ ይመስላል። ማዕድኑ እየተከመረም እንደ ጭስ ማውጫ ያለ ቀጥ ያለ ግንብ ይሠራል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ «350 ዲግሪ የሆነ ውሃ እንዴት ወደ እንፋሎት አይለወጥም?» ይላሉ። ለጎጃም ተማሪ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል፤ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለቀነሰው። ባሕሩ ሥር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። 250 እጥፍ የሆነው ግፊት ውሃውን ጨምቆ ስለያዘው 350 ዲግሪ ላይም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።

አሁን ወደ እንስሳቱ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1977 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ከኢኳዶር በስተምዕራብ፣ ከጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ፣ አልቪን በተባለችው ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ወደ ታች ወረዱ። የሚፈልጉት ፍል ውሃውን ነበር። መኖሩ በንድፈ ሐሳብ ይታሰብ ነበር እንጂ በዓይኑ ያየው ሰው አልነበረም። ውሃውንስ አገኙት። አጠገቡ ግን የአንድ ጫማ ያህል የሚረዝሙ ነጭ ዛጎል ለበስ እንስሳት፣ ሸርጣኖች፣ እንዲሁም ነጭ ቱቦ ውስጥ ቆመው ደም የመሰለ ቀይ ጫፍ የሚያወዛውዙ ረጃጅም ትሎች ነበሩ። ዙሪያው ያለው የባሕር ወለል ምድረ በዳ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ግን ሕይወት ተጨናንቃለች።

የጉዞው ቡድን የጂኦሎጂና የኬሚስትሪ ሰዎች ስብስብ ነበር። አንድም የባዮሎጂ ሰው አልተሳፈረም፤ ማንም እንስሳ አገኛለሁ ብሎ አልጠበቀማ! ናሙና ማቆያ ፎርማሊን እንኳ በበቂ ስላልያዙ አንዳንዱን እንስሳ ቮድካ ውስጥ ዘፍዝፈው ነው ያመጡት። ከታች የቀዱትን ውሃ መርከቡ ላይ ሲከፍቱት ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። የምሥጢሩ ቁልፍ ያ ሽታ ነበር። የባዮሎጂ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ተመልሰው ሄዱ። በዚያው ዓመት ከሜክሲኮ ምዕራብ ባለው ባሕር ጥቁር ጭስ የሚተፉት ግንቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። ሙቀቱን ሊለኩ ሲሞክሩ የመለኪያው ፕላስቲክ ቀለጠባቸው።

በእኔ እይታ ከሁሉም የሚደንቀው ትሉ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሪፍቲያ ፓኪፕቲላ ይባላል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ይደርሳል። አፍ የለውም። ሆድ ዕቃ የለውም። የምግብ መውጫም የለውም። እንዲህ ያለ እንስሳ በምን ይኖራል? ለጥቂት ዓመታት ሳይንቲስቶቹን ግራ ያጋባው ይህ ነው። አንዳንዶቹ ውሃ ውስጥ የሟሟ ምግብ በቆዳው እየመጠጠ ይሆናል አሉ። ለዚያ ግን አካሉ በጣም ትልቅ ነው።

መልሱን ያመጣችው ተማሪ ናት። ይህን ለልጅቷ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ኮሊን ካቫኖ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበረች። ትሉን ያጠና የነበረው ሜሬዲዝ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1980 መጥቶ ንግግር ሲያደርግ ትሉ ውስጥ የድኝ ክሪስታሎች እንዳገኘ በመሃል ጠቀሰ። እሷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ትሉ ውስጥ ድኝን እያቃጠሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መኖር አለባቸው፤ የሚመግቡትም እነሱ ናቸው አለች። ጆንስ ናሙና ሰጣት። እሷም በማይክሮስኮፕ መረመረችው። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ጽሑፏ ትክክል መሆኗን አሳየ። የትሉን ገላ አብዛኛውን የሞላ ትሮፎሶም የሚባል ለስላሳ አካል አለ። በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ ባክቴሪያው በቢሊዮን ይቆጠራል።

እንዲህ ያለ ባክቴሪያ መኖሩ ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ድኝን በማቃጠል የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጥንቷል። ሂደቱ ኬሞሲንተሲስ ይባላል። እንደ ፎቶሲንተሲስ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳርና ሌላ ምግብ ይሠራል። ኃይሉን ግን ከብርሃን ሳይሆን ከኬሚካል ለውጥ ያገኛል። አዲስ የነበረው አንድ ሙሉ የእንስሳት መንደር በዚህ መንገድ ሊኖር መቻሉ ነው።

ለተማሪዎችዎ ላሟን ምሳሌ ያድርጉላቸው። ላም ሣር ትግጣለች እንጂ ሣሩን በራሷ መፍጨት አትችልም። ሆዷ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው የሚፈጩላት። እሷ የነሱን ሥራ ውጤት፣ በኋላም እነሱን ራሳቸውን ትመገባለች። ትሉ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ላሟ ቢያንስ አፍ አላት።

ሥራ ክፍፍሉን ልብ ይበሉልኝ። ባክቴሪያው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ትሉ ሦስቱንም በቀዩ ጫፉ ከውሃው ይሰበስባል። የጫፉ ቅላት ከሄሞግሎቢን ነው፤ የኛን ደም ከሚያቀላው ዓይነት ፕሮቲን። እኛን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚገድለን ሴሎቻችን በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ ነው። የትሉ ሄሞግሎቢን ግን ኦክስጅኑን በአንድ ቦታ፣ ሰልፋይዱን በሌላ ቦታ ይይዛል። ሁለቱ መንገድ ላይ ሳይገናኙ፣ ትሉም ሳይመረዝ፣ እስከ ባክቴሪያው ይደርሳሉ። እዚያ ብቻ ይገናኛሉ። እኔ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር እንደ አዲስ እደነቃለሁ።

ትሉ ከባክቴሪያው ጋር አይወለድም። ገና እጭ ሳለ ትንሽ የምግብ ቱቦ አለው። ባሕሩ ወለል ላይ ሲያርፍ ባክቴሪያው በቆዳው በኩል ይገባል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ የምግብ ቱቦው ይጠፋል። ትሉ ሲሞት ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ተመልሰው ወደ ባሕሩ ይወጣሉ፤ ሌላ ትል ይጠብቃሉ።

አሁን ወደዚያች ወደምትዘለለው ነገር ልመለስ። ብዙ ቪዲዮ «ከፀሐይ ፍጹም ነጻ የሆነ ሕይወት» ይላል። ለእንስሳቱ ይህ ልክ አይደለም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብቻውን ለባክቴሪያው ብዙም አይጠቅመውም። ኃይል የሚወጣው ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ነው። ከምድር ውስጥ የሚፈልቀው ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የለውም። ኦክስጅን ያለው በዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው። ያ ውሃ በአንድ ወቅት ላይ፣ ባሕሩ ፊት ላይ ነበር። በምድር ዋልታዎች አካባቢ ቀዝቅዞና ከብዶ፣ ኦክስጅን እንደያዘ ወደ ታች ሰጥሟል። ያንን ኦክስጅን አየር ውስጥ የሞሉት ዕፅዋት፣ አልጌዎችና ሳይኖባክቴሪያዎች ናቸው፤ በፀሐይ ብርሃን። ፀሐይ እዚያ ድረስ አልወረደችም፤ ሥራዋ ግን ወርዷል።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የጻፉትን መሰረዝ አያስፈልግዎትም። እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ አስተካክለዋለሁ፦ «ሕይወት የሚያስፈልጋት የኃይል ምንጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ፀሐይ ናት፤ አንዳንዴ ግን ተገናኝተው ኃይል የሚያወጡ ሁለት ኬሚካሎች ናቸው።» ከፀሐይ በእርግጥ ነጻ የሆኑም አሉ። እዚያው ፍል ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋሕደው ሚቴን የሚሠሩ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። እነሱ ኦክስጅን አይፈልጉም። እንስሳ ግን አይደሉም። ትልና ሸርጣን ያለ ኦክስጅን አይሆንላቸውም።

ይህን ከያዝን እንስሳቱ ለምን እዚያ ብቻ እንደሚጠጋጉ ይገባናል። የሞቀው ውሃ ውስጥ ሰልፋይድ አለ፤ ኦክስጅን የለም። ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ኦክስጅን አለ፤ ሰልፋይድ የለም። ሁለቱም የሚገኙት በድንበሩ ላይ ነው። ጥቂት ሜትር ወዲያ ቢርቁ ይራባሉ። ጥቂት ሳንቲሜትር ቢጠጉ ይቃጠላሉ።

ሙቀቱ ራሱ ምግብ አለመሆኑን በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ ሰልፋይድና ሚቴን በቀዝቃዛው የሚያንጠባጥቡ ቦታዎች አሉ። ምንም ሙቀት የለም። ግን የሪፍቲያ ዘመድ የሆነ ላሜሊብራኪያ የሚባል ትል እዚያ ይኖራል፤ በዝግታ እያደገ ከ200 ዓመት በላይ ይቆያል። ባሕር ጭራሽ በሌለበትም አለ። ሩማኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የተገኘ ሞቪሌ የሚባል ዋሻ አለ። ለሚሊዮኖች ዓመታት ከውጭው ዓለም ተዘግቶ የኖረ ነው። ውሃው በሰልፋይድ የተሞላ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ ሸረሪቶች፣ የውሃ ጊንጦችና ሌሎች ዓይነ ስውር እንስሳት ኬሞሲንተሲስ በሚሠራው ምግብ ይኖራሉ።

«እንዴት አይቀቀሉም?» ላሉት መልሱን ግማሹን ከላይ ነግሬዎታለሁ። የሚፈላው ውሃ ውስጥ አይኖሩም። 350 ዲግሪ የሆነው ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር በጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ ይቀላቀላል። ሪፍቲያ የሚኖረው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች። ለእሳቱ ይበልጥ የሚጠጋው የፖምፔይ ትል የሚባለው ነው። ቱቦውን የሚሠራው ግንቡ ላይ ለጥፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቱቦው ሥር 80 ዲግሪ ገደማ ተለክቷል። ይህ «ከእንስሳት ሁሉ ሙቀት ቻይ» የሚል ስም አሰጠው። ነገር ግን በኋላ የባሕሩን ግፊት ጠብቀው በላቦራቶሪ ሲሞክሩት ትሉ ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት አልቻለም። ቱቦው ውስጥ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ 80 ዲግሪውን ለተማሪዎች እንደ እርግጠኛ ነገር ባይነግሯቸው እመርጣለሁ። እውነተኛ ሙቀት ቻዮቹ ረቂቅ ሕዋሳቱ ናቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በ122 ዲግሪ የሚራባ አንድ ዝርያ አሳይተዋል።

በአትላንቲክ ወለል ላይ ደግሞ ሽሪምፖች ግንቡን እስኪሸፍኑት ድረስ ይርመሰመሳሉ። ሪሚካሪስ ይባላሉ። ባክቴሪያውን የሚያረቡት ጭንቅላታቸው አጠገብ ባለው የጊል ክፍላቸው ውስጥ ነው። የተለመደው ዓይን የላቸውም። ጀርባቸው ላይ ግን ብርሃን የሚቀበል አካል አለ። ይህን ያሳየችው ሲንዲ ቫን ዶቨር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1989። ጨለማ ውስጥ ምን ሊያዩበት ነው? በጣም የጋለው ውሃ ራሱ ለእኛ ዓይን የማይታይ ደካማ ብርሃን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከምሥራቅ ፓስፊክ ፍል ውሃ አጠገብ በብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ መገኘቱ ተነገረ። በዚያ ጥልቀት ከፍል ውሃው ብርሃን በቀር ሌላ የለም። ፀሐይ የሌለችበት ፎቶሲንተሲስ ማለት ነው። ተማሪዎ ይህን ብትሰማ ሌላ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች።

በሕንድ ውቅያኖስ እግሯ በቅርፊት የተሸፈነ ቀንድ አውጣ አለች። ቅርፊቷና ዛጎሏ ላይ የብረት ሰልፋይድ አለ። በገላዋ ብረት የምትለብስ ሌላ እንስሳ አናውቅም። እሷም የምትኖረው ውስጧ ባለ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባች። ምክንያቱ ጥልቅ ባሕር ላይ የታሰበው የማዕድን ቁፋሮ ነው። ፍል ውሃው መዳብ፣ ዚንክና ወርቅ ይከምራል፤ ሰው ደግሞ ይህን ይፈልጋል። አንድ ፍል ውሃ የእግር ኳስ ሜዳ እንኳ የማያክል ቦታ ሊሆን ይችላል። እዚያ ብቻ የሚኖር ዝርያ ቢጠፋ ከየትም አይመለስም። ምን እንዳለ ሳናውቅ መቆፈሩን እኔ በግልጽ እቃወማለሁ።

«በራሱ ጊዜም ይጠፋል እኮ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ፍል ውሃዎቹ ይዘጋሉ፤ እሳተ ገሞራም ይፈነዳባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተገኘ ሮዝ ጋርደን የተባለ ዝነኛ የትል መንደር በ2002 ሲሄዱበት በላቫ ተሸፍኖ ነበር። በሌላ ቦታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ፍንዳታ ሁሉን ጠራረገ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል የረዘሙ ሪፍቲያዎች በቅለውበት ተገኙ። የሪፍቲያ እጭ ምንም ሳይበላ 38 ቀን ገደማ በባሕሩ ሞገድ ይጓዛል። በዚያ ጊዜ ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አንዱ መንደር ሲጠፋ ከሌላው ይመጣለታል፤ ሌላው እስካለ ድረስ። ቁፋሮው ጎረቤቶቹንም ከነካ ግን ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2024 እንደታተመው ደግሞ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ከወለሉ ሥር፣ የላቫ ጉድጓዶች ውስጥም ይኖራሉ። ያንን ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም።

በአገራችንስ ላሉት፣ ዛሬ ባሕር ስለሌለን ሪፍቲያ አናገኝም። የፍል ውሃዎቹ መነሻ የሆነው የምድር መሰንጠቅ ግን አፋር ውስጥ ዓይናችን ሥር እየተካሄደ ነው። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቆች ከስምጥ ሸለቆው ጋር የሚገናኙት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፍቶ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል። በውቅያኖስ ወለል የሚሆነው ነገር በየብስ ላይ ሲታይ ማለት ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ደግሞ አትላንቲስ ሁለት በሚባል ጥልቅ ቦታ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በማዕድን የተሞላ ትኩስና ጨዋማ ውሃ ተኝቷል። ዳሎልን ከዚህ ጋር አያምታቱት። ዳሎል በጣም አሲዳማና ጨዋማ ከመሆኑ የተነሣ በዋናዎቹ ኩሬዎች ውስጥ ረቂቅ ሕዋስ እንኳ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው ተመራማሪዎችን ያከራከረ ነው።

በየብስ ያሉ ፍል ውሃዎቻችንም፣ ከአባይ ማዶ ደራ ያለው ዋንዛዬን ጨምሮ፣ ፀሐይ ያገኛሉ። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ድንጋይ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ዝልግልግ በብርሃን የሚኖር ነው። ሙቀቱ ቢያመሳስላቸውም አኗኗሩ ሌላ ነው።

ጎጃም ራሷ ግን ባሕር ነበረች። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ የሚያዩት የኖራ ድንጋይና ጀሶ በጁራሲክ ዘመን ከነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር የቀረ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። ጀሶው ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ ድኝ አለበት። አሁን እሱ ይጠቅመናል።

የባሕሩን ወለል ክፍል ውስጥ ማምጣት አይቻልም። ሂደቱን ግን ይቻላል። የፈጠረውም ያ ቪኖግራድስኪ ነው። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይያዙ። ከረግረግ ወይም ከወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ ያምጡ፤ የሚሸት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። ጣና ዳር ዘመድ ካለዎት ከደንገሉ ሥር ያለው ጭቃ ግሩም ነው። ጭቃው ላይ የተቀደደ ጋዜጣና የተፈጨ ጠመኔ ይቀላቅሉ፤ አብዛኛው የሰሌዳ ጠመኔ ከጀሶ ነው የሚሠራው። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ቢጨምሩም ጥሩ ነው። ሃይላንዱን ከግማሽ በላይ በጭቃው ይሙሉና ከዚያው ከወንዙ ውሃ ይጨምሩበት። ክዳኑን ላላ አድርገው ይተዉት፤ ጋዝ ስለሚፈጠር አጥብቀው አይዝጉ።

አንዱን መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ያስቀምጡ። ሌላውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስገቡ። ከሳምንታት በኋላ ልዩነቱን ታያላችሁ። ብርሃን ባገኘው ላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ንብርብር ይወጣል። እነዚህ ሰልፋይድን በብርሃን የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ናቸው። በጨለማው ላይ እነሱ አይወጡም። ጭቃው ግን ይጠቁራል፤ የእንቁላሉ ሽታም ይመጣል። ጭቃውና ውሃው የሚገናኙበት ላይ ደግሞ ነጭ ስስ ሽፋን ሊታይ ይችላል። ከታች የሚመጣውን ሰልፋይድ ከላይ ከሚመጣው ኦክስጅን ጋር እያቃጠሉ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እነዚያ ናቸው፤ ትሉ ውስጥ ካሉት ጋር ሥራቸው አንድ ነው። ሁልጊዜ ስለማይታይ ከሁለት ሦስት ቦታ ጭቃ አምጥተው ቢሞክሩ ይሻላል።

ልጅቷንም አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። በጨለማው ሃይላንድ ውስጥ ፀሐይ የሠራችው ነገር ምን ምን አለ? ጋዜጣውን ከጠቀሰች ጥሩ ነው፤ ወረቀት ከዕፅዋት ነውና። እንቁላሉንም ትጨምረው ይሆናል። ኦክስጅኑን ራሷ ከደረሰችበት ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩትን ገብቷታል።

ሽታው ከበረታ ክዳኑን ክፍል ውስጥ አይክፈቱ። ጋዙ መርዝ ስለሆነ ልጆቹ አፍንጫቸውን እንዳያስጠጉ ይንገሯቸው። ደጅ ነፋስ ባለበት አውጥተው ይክፈቱት፤ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።